ቅዳሜን ከክፍል ወጥቶ መዋል፦ በአንድ ጥያቄ ላይ የተጻፉ 34 መልሶች

ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። የካቲት መጨረሻ ላይ፣ አንድ ዓርብ ማታ፣ ጀርመን አገር የምንማር ልጆች በምንወያይበት መድረክ ላይ ነው የጻፍኩት። ዛሬ 34 መልስ ደርሷል። ከመሃል የሚገባው ሰው እየበዛ፣ የተመለሰው ጥያቄ እንደገና እየተጠየቀ ነው። ስለዚህ ከላይ ጀምሬ ማን ምን እንዳለ በራሴ አባባል ላስፍረው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

የጠየቅኩት ይህን ነበር። የምኖረው ዬና ነው። ማስተርስ ከጀመርኩ ሁለተኛ ሴሚስተሬ ሊገባ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ የማውቀው ክፍሌን፣ ቤተ መጻሕፍቱንና ሱፐርማርኬቱን ብቻ ነው። ሰኞ ላብራቶሪ ስንገናኝ ሌሎቹ ቅዳሜና እሑድ የት እንደዋሉ ያወራሉ፤ እኔ ዝም እላለሁ። ባቡርና አውቶቡስ የሚያሳፍረው የሴሚስተር ቲኬቱ ግን ከመመዝገቢያው ጋር ተከፍሎ ስልኬ ውስጥ ቁጭ ብሏል። ቅዳሜ ጠዋት ቦርሳዬን አነሳለሁ፣ ጫማዬን አስራለሁ፣ በሩ ጋ ስደርስ እመለሳለሁ። የሚመልሰኝ ብርዱ አይደለም። ታላቅ ወንድሜ እኔን ለመላክ ባጃጁን ሸጧል። እሱ በእግሩ እየሄደ እኔ ቤተ መንግሥት ልጎበኝ ነው የሚል ነገር ደረቴ ላይ ይቀመጣል። እና ሁለት ነገር ጠየቅኩ። በትንሽ ገንዘብ ጠዋት ሄዶ ማታ የሚመለሱበት የት ነው? እናንተስ ስትወጡ እንዲህ ይከብዳችኋል?

ቁጥር 1 ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ነው የመለሰችው። ጎቲንገን የምትማር ልጅ ናት። እንኳን ደህና መጣህ ብላ ነው የጀመረችው። በወር ሁለት ቅዳሜ እንደምትወጣ፣ መንገዱ በአንድ ጉዞ ከሁለት ሰዓት እንዳይበልጥ እንደምታደርግ፣ ምሳዋን ከቤት ይዛ እንደምትሄድና አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት ዩሮ በላይ እንደማታወጣ ጻፈች። እሑድ ሱቅ ሁሉ ዝግ ስለሆነ ውኃና ዳቦ ቅዳሜ ይገዛ ብላ መከረች። ሁለተኛውን ጥያቄዬን ግን አልነካችውም።

ቁጥር 2 ቲኬቱ በየትኛው ባቡር እንደሚያስኬድ ጠየቀ። ቁጥር 3 ደግሞ በእርግጠኝነት መለሰ፦ ዶይቸላንድ ቲኬት የሚባለው የወር ቲኬት 49 ዩሮ ነው፣ አገሩን ሙሉ በፈለጉት ባቡር ያስዞራል አለ። እዚህ ላይ ቁጥር 4 ባይደርስ ኖሮ ብዙ ሰው ይጎዳ ነበር። ቁጥር 4 በትሕትና፣ ነገር ግን አንድ በአንድ ነው ያረመው። 49 ዩሮ ቲኬቱ በግንቦት 2023 ሲጀመር የነበረው ዋጋ ነው። ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ 58፣ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ 63 ዩሮ ሆኗል። ዩኒቨርሲቲያቸው የተስማማ ተማሪዎች የዋናውን ዋጋ 60 በመቶ ነው የሚከፍሉት፤ በ2024 የበጋ ሴሚስተር ሲጀመር በወር 29.40 ዩሮ ነበር። ቲኬቱ ለከተማ ትራንስፖርትና ለአካባቢ ባቡር ነው። አይሲኢ እና አይሲ የሚባሉት ፈጣኖቹ ውስጥ አይሠራም።

ቁጥር 5 ይህ በራሱ ላይ የደረሰበት ነው። ኤርፉርት ጣቢያ ላይ የሱ ባቡር ስምንት ደቂቃ ዘግይቶ፣ በዚያው ፕላትፎርም አይሲኢ ገባ። ሰው ሲሳፈር አብሮ ተሳፈረ። ተቆጣጣሪዋ ስልኩን አይታ ራሷን ነቀነቀች፤ 60 ዩሮ። የዚያን ወር ምስር ብቻ እንደበላ ጻፈ። ምክሩ አጭር ነው፦ ሰዓቱን አይታችሁ አትሳፈሩ፤ ከቁጥሩ በፊት ያለውን ፊደል እዩ። አርኢ፣ አርቢ ወይም ኤስ ካላለ ተዉት።

ከዚያ ቁጥር 6 መጣ። ድምፁ ከላይኞቹ ሁሉ የተለየ ነበር። ጥያቄው ራሱ እንደሚያሳፍር ጻፈ። ለቪዛ ብሎክድ አካውንት ውስጥ፣ መኖሪያ እንዳለን በሚያሳየው ዝግ ሂሳብ፣ የምናስገባው 11,904 ዩሮ የማን ገንዘብ እንደሆነ እናውቃለን ወይ ብሎ ጠየቀ። አንዱ ቦታ ሸጦ፣ አንዱ ከዕቁብ ተበድሮ የላከን ለሽርሽር አይደለም አለ። ወንድሙ ባጃጅ የሸጠለት ሰው ቅዳሜን ቤተ መጻሕፍት ነው መዋል ያለበት ብሎ ዘጋው። ባጃጁን ስላነሳ አመመኝ። ለሁለት ቀን መልስ አልሰጠሁትም።

እኔ ዝም ብል ሌሎች ዝም አላሉም። ቁጥር 7 በቁጣ የእናቷን ገንዘብ የሚቆጥርላት ማን እንደሾመው ጠየቀችው። ቁጥር 8 ተረጋጉ፣ ሁላችንም የሰው አገር ሰዎች ነን አለ፤ የሰማው የለም።

ቁጥር 9 ያው ቁጥር 6 ነው፣ ተመልሶ መጣ። ይቅርታ አልጠየቀም። ግን ስለ ራሱ ጻፈ። ኤርፉርት ሦስት ዓመት ኖሯል። ተማሪ በዓመት የሚፈቀድለት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ እሱ አንዷንም አያሳልፍም። ዓርብና ቅዳሜ ሌሊት መጋዘን ውስጥ ካርቶን ይጭናል። በየወሩ 150 ዩሮ ወደ ቤት ይልካል። በሦስት ዓመት ውስጥ ከኤርፉርት የወጣው ሁለት ጊዜ ነው፣ ሁለቱንም ለመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ። ይህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሲቆጣ የነበረው በእኔ እንዳልሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ቁጥር 10 ከጎቲንገኗ ልጅ ነበር። አሁን ያለፈችውን ጥያቄ መለሰች። መጀመሪያው ክረምት ላይ፣ ታኅሣሥ ውስጥ በአሥር ሰዓት ሲመሽ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሰው ጋር በአማርኛም በጀርመንኛም ሳታወራ ቀርታለች። ፈተና ሁለት ወደቀች። ያ የወደቀ ፈተና ቤተሰቧን ካስወጣው ገንዘብ አንጻር ቅዳሜ የምታወጣው አምስት ዩሮ ምንም አይደለም አለች። ለቁጥር 6 ደግሞ በቀጥታ፣ ወንድሜ ብላ ነው የጻፈችለት፤ ማንም እየወቀሰው እንዳልሆነ፣ እሱም ማረፍ እንደሚገባው። አልመለሰላትም።

ቁጥር 11 በዕድሜ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ሁላችንም ጋሼ እያልን ነው የጻፍንላቸው። የመጡት በ1990ዎቹ ነው። በ1995 ሸነስ ቮኸንኤንደ የሚባል የቅዳሜና እሑድ ቲኬት እንደተጀመረ ያስታውሳሉ፤ 15 ማርክ፣ ለአምስት ሰው። ሦስት ሦስት ማርክ አዋጥተው ይሳፈሩ ነበር። በዚያ ቲኬት ሙዚየም አልሄዱም። ለቅሶ ነው የሄዱበት። አንድ ሰው አባቱ ሞቶ ሀምቡርግ ብቻውን ተቀምጧል ከተባለ፣ ቅዳሜ ሌሊት ተነስተው፣ አምስትና ስድስት ጊዜ ባቡር ቀይረው ይደርሱ ነበር። ክርስትናም፣ ሠርግም፣ ጥምቀትም እንደዚያው። በርጩማ የሌለበት ክፍል ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጠው አልቅሰው፣ እሑድ ማታ በዚያው መንገድ ይመለሱ ነበር። ቲኬቱ በ2019 ቀረ። ጋሼ የጻፉት መጨረሻ ላይ፣ አሁን ስልክ ስላለ ለቅሶ በቴሌግራም እየተደረሰ እንደሆነ ይሰማሉ፤ ይህ ያሳዝናቸዋል። ከክሩ ሁሉ በጣም ብዙ ምስጋና ያገኘው ይህ መልስ ነው፤ ተገቢም ነው።

ቁጥር 12 ወደ ሌላ ቁስል ገባ። ችግሩ መሄዱ ሳይሆን ፎቶው ነው አለ። ድሬዝደን ድልድዩ ላይ የተነሳውን ፌስቡክ ላይ ለጠፈ፤ በሳምንቱ ሦስት ዘመድ ብር ላክ አለው። አንዱ አጎት አላመነውም፣ ተቀያየሙ። ከዚያ ወዲህ ቢወጣም ለማንም አይናገርም። ቁጥር 13 ይህን በጣም ተቃወመች፤ መደበቅ ነው ሰውን የሚያራርቀው አለች። እሷ ፎቶ አትለጥፍም፣ ለእናቷ ግን እሑድ ስትደውል የዋለችበትን ትተርካለች። ምን ዛፍ እንዳየች፣ ሰዉ ምን እንደሚበላ፣ ገብስና ስንዴው እንዴት እንደሚዘራ። እናቷ ደግሞ ሰኞ ቡና ላይ ለጎረቤት ታወራዋለች። አሁን እሑድ ደውላ የምታወራው ከሌላት እናቷ ትከፋለች። እኔ ወንድሜን የት እንደዋልኩ አውርቼው እንደማላውቅ ያሰብኩት ይህን ሳነብ ነው።

ቁጥር 14 የኔ ነው። ሁሉንም አመስግኜ፣ ለቁጥር 6 ለሥራው አክብሮት እንዳለኝ ጽፌ፣ የቦታ ጥቆማ በድጋሚ ጠየቅኩ።

ቁጥር 15 ሳክሰን ስዊዘርላንድ የሚባለውን፣ እዚሁ ጀርመን ድሬዝደን አጠገብ ያለውን ተራራማ አካባቢ ጠቆመ። ከድሬዝደን ኤስ 1 ይዞ ራተን መውረድ፣ በጀልባ ኤልበ ወንዝን መሻገር፣ ከዚያ ደረጃና ዳገት። ላይ ባስታይ የሚባለው የድንጋይ ድልድይ አለ፣ በ1851 የተሠራ። ዓለቱ ከወንዙ 194 ሜትር ከፍ ይላል። ለትግራይ ልጆች ገርዓልታን፣ ለጎንደር ልጆች ስሜንን ያስታውሳል ብሎ ማለ። ጫማ አደራ አለ፤ በሸራ ጫማ ሄዶ ተንሸራቷል።

ቁጥር 16 ቫይማርን አነሳ። ግን ስለ ባለቅኔዎቹ ስለ ጎተና ሺለር ቤት አልነበረም። ከጣቢያው በ6 ቁጥር አውቶቡስ ቡኸንቫልድ ይደረሳል። ከ1937 እስከ 1945 የናዚዎች ማጎሪያ ካምፕ ነበር፣ 56,000 ያህል ሰው አልቆበታል። መግቢያው ነፃ ነው። መጀመሪያ ጊዜ ብቻችሁን አትሂዱ፣ ስትመለሱም ከሰው ጋር ቡና ጠጡ ብሎ መከረ። ዬና ለቫይማር ቅርብ ነው፤ አሥራ አምስት ደቂቃ ገደማ ነው። ለአምስት ወር አንድም ቀን አለመሄዴ ያን ማታ ከበደኝ።

ቁጥር 17 ቲኬቱ ድንበር ተሻግሮ እስከ ሳልዝቡርግ ጣቢያ ድረስ እንደሚሠራ አስታወቀ። እውነት ነው። ቁጥር 18 ግን ይህን ለሚያነብ ሁሉ አንድ ነገር ጨመረ። ጀርመን ከመስከረም 2024 ጀምሮ በየብስ ድንበሮቿ ሁሉ ፍተሻ መልሳለች። እሱ የመኖሪያ ካርዱን ብቻ ይዞ ፓስፖርቱን ጠረጴዛ ላይ ጥሎ ሄዶ፣ ሲመለስ ፍራይላሲንግ ላይ አወረዱት። ክፉ ቃል አልተናገሩትም፤ ነገር ግን ማንነቱ እስኪጣራ ሁለት ሰዓት ቆመ። የመጨረሻው ባቡር አምልጦት ሙኒክ ጣቢያ ውስጥ አደረ። ፓስፖርትና ካርድ፣ ሁለቱም፣ ሁልጊዜ።

ከ19 እስከ 23 ያለው ወደ ምግብ ሄደ። ፍርፍር በምሳ ዕቃ ይዞ ባቡር ውስጥ መክፈት ሰው ያስቀይማል ወይስ አያስቀይምም ተባለ። ዳቦ ቆሎና ቆሎ የተሻለ ነው የሚል ወገን በዛ። ጤፍ የት ርካሽ እንደሆነ ተጠየቀ። አንዷ ቅዳሜ ለጉዞ፣ እሑድ ለቅዳሴ ከተባለ መቼ ነው ልብስ የሚታጠበው አለች። ጥያቄዋ እውነተኛ ነው፣ መልስ ግን አላገኘም።

ቁጥር 24 ነው ክሩን የቀየረው። ታሪክ ለዶክትሬት የምታጠና ሴት ናት። ከዬና እስከ ባስታይ ከመሄዳችሁ በፊት፣ አርኢ 1 ይዛችሁ አንድ ሰዓት የማይርቀው ጎታ ለምን አትወርዱም አለች። ጎታ ውስጥ ፍሪደንሽታይን የሚባል ቤተ መንግሥት አለ፤ ስሙ የሰላም ድንጋይ እንደማለት ነው። የሠላሳው ዓመት ጦርነት ሳያልቅ በ1643 መሠራት ተጀምሮ በ1654 አለቀ። በ1652፣ ግንባታው ገና ሳያልቅ፣ አንድ የአማራ ሰው ወደዚያ መጥቷል። አባ ጎርጎርዮስ ይባላሉ፣ የመካነ ሥላሴ ሰው ናቸው። የጋበዛቸው መስፍኑ ኤርንስት ነው፣ የጠራቸው ደግሞ የኤርፉርቱ ተወላጅ፣ የቋንቋ ሊቁ ሂዮብ ሉዶልፍ። ወራት ያህል ተቀምጠው ስለ አገራቸው ተጠየቁ፤ ስለ ቋንቋው፣ ስለ ሕጉ፣ ስለ ሃይማኖቱ፣ ስለ እንስሳው። ሉዶልፍ የጻፈው፣ የምናውቀው የመጀመሪያው የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፍ የተገኘው ከዚያ ነው። ከእኛ በፊት እዚህ የመጣ፣ እንደኛ በሰው ቋንቋ የተጨነቀ ሰው ነበር ብላ ጻፈች።

ቁጥር 25 አላመነም። ጀርመናዊ በ1600ዎቹ አማርኛ ሰዋስው ጻፈ ማለት ይከብደኛል አለ፣ ትንሽ ሹፈት ባለው አጻጻፍ። ቁጥር 26 መጽሐፉ በ1698 ፍራንክፈርት እንደታተመ፣ የኢትዮጵያ ታሪክ ያለው ትልቁ መጽሐፍ ደግሞ በ1681 እንደወጣ መለሰለት። ቁጥር 27 ሴትዮዋ የጻፈችውን አሟላ፤ አባ ጎርጎርዮስና ሉዶልፍ መጀመሪያ የተገናኙት ጎታ ሳይሆን በ1649 ሮም ውስጥ፣ የኢትዮጵያውያን መነኮሳት በሚኖሩበት በቅዱስ እስጢፋኖስ ነው። አባ ጎርጎርዮስ አገራቸው አልገቡም። በ1658 ወደ ቤታቸው ለመመለስ ሲጓዙ፣ ዛሬ ቱርክ ውስጥ ባለው እስክንድሩና አጠገብ መርከብ ሰጥማ ሞቱ። ይህን ካነበብኩ በኋላ ኮምፒውተሩን ዘግቼ ወንድሜ ጋ ደወልኩ።

ቁጥር 28 ከዚያም ወደ ኋላ ሄደ፦ በ1534 አባ ሚካኤል የሚባሉ ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ቪተንበርግ መጥተው ከማርቲን ሉተር ጋር ተነጋግረዋል።

ቁጥር 29 ጽሑፏ አጭር ነበር። ኮትቡስ ነው የምትማረው። ከኮትቡስ በባቡር ቫይስቫሰር፣ ከዚያ በአውቶቡስ ባድ ሙስካው ይደረሳል። ፓርኩ ከ2004 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው፣ ከግማሽ በላዩ ፖላንድ ውስጥ ነው። ሰው የሚሄደው ለፓርኩ ነው። እሷ የሄደችው ለመቃብሩ ነው። ፓርኩን ያሠራው ልዑል ፑክለር ካይሮ የባሪያ ገበያ ላይ የገዛት ልጅ፣ ማህቡባ ያላት፣ እዚያ በጥቅምት 1840 ሞታ ተቀብራለች። ቁጥር 30 ተቆጣ፤ መቆጣቱም ትክክል ነው። ማህቡባ የገዛት ሰው ያወጣላት ስም ነው፣ ልጅቷ ኦሮሞ ናት፣ ስሟ ቢሊሌ ነው፣ እኛም በስሟ እንጥራት አለ። ቁጥር 29 ወዲያው ተቀብላ ጽሑፏን አስተካከለች። ከዚያ በኋላ ክሩ ውስጥ የጻፈ ሁሉ ቢሊሌ ነው ያለው።

ቁጥር 31 የፍራንክፈርቱ ሰንከንበርግ ሙዚየም እንዳይረሳ አስታወሰ፤ ጭላዳን በ1835 ለሳይንስ የመዘገበው ሩፔል የፍራንክፈርት ሰው ነው።

ቁጥር 32 ከቁጥር 6 መጣ። አንድ መስመር ናት። ወደ ጎታ የሚሄድ ካለ፣ ባቡሩ ኤርፉርት ስንት ሰዓት እንደሚያልፍ ጠየቀ።

መጋቢት ሦስተኛው ቅዳሜ ሄድን። እኔ ከዬና ዌስት ተሳፈርኩ፣ የጎቲንገኗ ልጅ ከወዲያ መጣች፣ እሱ ኤርፉርት ላይ ገባ። ከሌሊት ሥራ በቀጥታ ነው የመጣው። የመጋዘኑ ጓንት ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ነበር፣ ጣቶቹ ላይ የካርቶን ጭረት አለ። እጄን ጨብጦ ስለ ባጃጁ ይቅርታ አለኝ። ተወው አልኩት።

ከጣቢያው ወደ ላይ በእግር ይኬዳል። ቤተ መንግሥቱ ነጭ፣ ረጅም፣ ኮረብታ ላይ የተቀመጠ ነው። ግቢው ትልቅ ነው፣ ዙሪያውን ቅስት ያላቸው መተላለፊያዎች አሉ። ዝናብ ጀምሮ ስለነበር ቅስቱ ሥር ገባን። ድንጋዩ ቀዝቃዛ ነው፣ ሲነኩት እጅ ይይዛል። እዚያው ቆመን ዳቦ ቆሎ በላን፣ ከፔርሙሱ ሻይ ቀዳን። ቁጥር 6 ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ግቢውን አየ። ከዚያ አባ ጎርጎርዮስ የመጡት በየትኛው ወር እንደሆነ ጠየቀ። ሰኔ ላይ ነው አልኩት። ጥሩ ነው፣ ብርድ አላገኛቸውም አለ።

ወደ ውስጥ አልገባንም፤ ቲኬቱን ለሌላ ጊዜ አቆየነው። ሦስታችንም ያወጣነው አንድ አንድ ዩሮ ነው፣ ለሽንት ቤት። ስንመለስ ቁጥር 6 ባቡሩ ውስጥ ራሱን መስኮቱ ላይ ጥሎ ተኛ። ኤርፉርት ሲደርስ ቀስቅሼ አወረድኩት። እኔም ማታ ወንድሜን ደውዬ ስለ ቅስቱና ስለ መነኩሴው ነገርኩት። ከዚያ መርከቧ የሰጠመችው ምን ሆና ነው አለ። አላውቅም አልኩት። እሑድ ፈልገህ ንገረኝ አለኝ።

ቁጥር 33 የኔ ነው፣ የጉዞውን ሰዓትና የባቡሩን ቁጥር ለሚፈልግ ጽፌዋለሁ።

ቁጥር 34 ትናንት ማታ ነው የተጻፈው። ቁጥር 6 ለግንቦት የመጀመሪያ ቅዳሜ የሥራ ፈረቃውን ከሰው ጋር ቀይሯል። ቪተንበርግ መሄድ ይፈልጋል፣ በሃለ በኩል። ጋሼ ይመጡ እንደሆነ ጠይቋል፣ ምሳውን እሱ እንደሚይዝም ጽፏል።